ቀሚስ የምታጥበው ልጅ

በመምህራን ማሠልጠኛው ውስጥ ስሜ «ሁሉ የደረሰባት» ነው። ስሙን ያወጡልኝ የክፍል ጓደኞቼ ናቸው። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ለፍቼ ያገኘሁት ስም ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሥነ ጽሑፍ ማስተማር ስንለማመድ አንዳችን መምህር እንሆናለን፣ የቀረነው ተማሪ እንሆናለን። ጢሙ የሸበተ ሰውዬና የሁለት ልጆች እናት አንድ ጠባብ ዴስክ ላይ ተጣብቀው ይቀመጡና ዘጠነኛ ክፍል ነን ብለው እጅ ያወጣሉ። አሠልጣኛችን ጋሼ ከኋላ ተቀምጠው ይመዝናሉ። የጋሼ ትምህርት ቢጨመቅ አንድ ነገር ነው፦ ጽሑፉን ከተማሪው ኑሮ ጋር አገናኙት። «ድልድይ ሥሩ! ልጁ በራሱ ሕይወት በኩል ተሻግሮ ካልመጣ ጽሑፉ ለሱ የግድግዳ ቀለም ነው» ይላሉ። ስለዚህ ማንኛችንም ብንሆን ንባቡ ከመጀመሩ በፊት «ከእናንተ መካከል እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት አለ?» ብለን መጠየቅ ግዴታችን ነው። የድልድይ ጥያቄ እንለዋለን።

ታዲያ ትልቅ ሰው በሰው ፊት ገመናውን ያወጣል እንዴ? አያወጣም። ጥያቄው ይጠየቃል፤ ዝም። መምህር የሆነው ጓደኛችን ላቡ ጠብ ጠብ ይላል፤ አሁንም ዝም። እኔ ደግሞ ሰው ሲጨነቅ ማየት አልችልም፣ አንጀቴ አይችልም። እጄን አወጣለሁ። ጽሑፉ ስለ ጠፋ ውሻ ከሆነ ውሻ ጠፍቶብኛል። ስለ ጎርፍ ከሆነ ጎርፍ ወስዶኝ ዛፍ ላይ አድሬአለሁ። አያቴን ስንት ጊዜ እንደቀበርኳት ብትሰማ በከዘራዋ ታሳድደኝ ነበር፤ በደህና ነው ያለችው፣ እንዲያውም ከኔ ትሻላለች። ይህም ሙያ አለው። ከሚያሳዝነው ቃል በፊት ትንሽ እረፍ፤ ዓይንህን ወደ መሬት ጣል፤ ከዚያ ቃሉን ቀስ ብለህ አውጣውና ቀና በል። በቃ። ጓደኞቼ ከፍተኛ ነጥብ ያገኛሉ፣ እኔ ምሳ እጋበዛለሁ።

ጋሼ ግን ድልድዩ እንደሚሠራ የሚያሳዩበት ታሪክ ነበራቸው። አዲስ ገቢ በመጣ ቁጥር በመጀመሪያው ቀን በትልቁ አዳራሽ ይነግሩታል። ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት ተለማማጅ፣ ከማሠልጠኛው ፊት ለፊት መንገዱን ተሻግሮ ባለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዘጠነኛ ክፍል ገብታ የድልድዩን ጥያቄ ትጠይቃለች። አንዲት ልጅ ብድግ አለች። «እኔ የእናቴን ቀሚስ በየሳምንቱ አጥቤ አሰጣለሁ» አለች፤ «የሚለብሰው የለም።» እናትየው ሞታ ነው። ጋሼ እዚህ ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን ያወልቃሉ። «ለማንም ያልነገረችውን ጽሑፉ አናገራት! አያችሁ?» አዳራሹ በሙሉ አፍንጫውን ይጠርጋል። እኔም፣ በውሸት ለቅሶ ምሳ የምበላው ሴትዮ፣ የእውነት አልቅሻለሁ።

ካለቀስኩ በኋላ ግን ነገሩ አልለቀቀኝም። ማን ናት? አሁንም ታጥባለች? በየሳምንቱ ለምን? የሰው ነገር የማልጠግብ ሰው ነኝ፣ ምን ላድርግ። እናቴ «ዓሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» እያለች ነው ያሳደገችኝ፤ እኔ ደግሞ ከዓሳው ይልቅ ዘንዶውን ነው ማየት የምፈልገው።

ዕድል ይሁን እርግማን፣ የመጨረሻ ምዘናዬ እዚያው ትምህርት ቤት ሆነ፤ አሥራ አንደኛ ክፍል። በመጀመሪያው ምዘና፣ ሌላ ትምህርት ቤት፣ ወድቄ ነበር። ተማሪዎቹ ድንጋይ ሆነውብኝ፣ በነሱ ፈንታ እጅ የምታወጣ «ሁሉ የደረሰባት» ስለሌለች። ጋሼ በዚህኛውም ካልፈረሙልኝ ዓመቱን መድገሜ ነው። እናቴ ልጄን ይዛልኝ «መቼ ነው የምትጨርሺው?» እያለች በየቀኑ ትደውላለች። መድገም ማለት ለኔ ይህን ጥያቄ ሌላ ዓመት ሙሉ መስማት ነው።

ጠዋት ገባሁ። መስኮቱ አንዱ መስታወት ተሰብሮ በካርቶን ተደፍኗል። ሰሌዳው ከመጥቆሩ ይልቅ መንጣቱ ይበልጣል። ጋሼ ከኋላ፣ ከጥራጊ ባልዲው አጠገብ፣ የምዘናውን ወረቀት ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ተቀመጡ። እኔ እያየሁ ያለሁት ግን ተማሪዎቹን ነው። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ቀጭን፣ ጥቁር ሻሽ የጠመጠመች ልጅ አየሁ። እሷ ናት አልኩ፤ ፊቷ ራሱ ይናገራል።

የዕለቱ ንባብ ከመማሪያ መጽሐፋቸው ነው። ቤት የቀየረ አንድ ሰውዬ የድሮውን ቤት ቁልፍ ከኪሱ አያወጣም፤ አንዳንድ ቀን ከሥራ ሲወጣ እግሩ ወደዚያው ይወስደውና ከበሩ ፊት ይቆማል፤ አዲሶቹ ሰዎች በመስኮት ያዩትና መጋረጃ ይዘጋሉ። ድልድዬን ሠራሁ። «ከእናንተ መካከል ትቶት የወጣው ቤት ያለው አለ?»

ወይ ጉድ! እጅ በእጅ ሆነ። እኔ የጠበቅሁት ዝምታ ነበር እኮ። አንድ ጥርሰ ፍንጭት ልጅ ተነሣ። «ቲቸር፣ የኛ ቤት...» ትንሽ አረፈ። ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ። «...ተቃጠለ» አለና ቀና አለ።

ጆሮዬ ቆመ። ይህችን ዜማ አውቃታለሁ። ቀጥላ አንዲት ልጅ ተነሣች፤ ጎርፍ። አረፈች፣ ጣለች፣ ቀና አለች። ሦስተኛው ደግሞ አያቱን ሊቀብር ተዘጋጀ። ሌባ እናት ልጇን አታምንም ይባል የለ? እኔም አላመንኩም። ደግነቱ ወይም ክፋቱ፣ አፌ ከጭንቅላቴ ይቀድማል።

«ቁጭ በል» አልኩት ጥርሰ ፍንጭቱን። «ቤታችሁ አልተቃጠለም።»

የጋሼ እስክሪብቶ መንቀሳቀስ አቆመ። አለቀልኝ፣ ደገምኩ አልኩ በሆዴ።

«ማን ነገረዎት?» አለ ልጁ።

«‹ተቃጠለ› ከማለትህ በፊት ያረፍክባት ነገር ናት የነገረችኝ። እኔም ስዋሽ እዚያች ላይ ነው የማርፈው።»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ እውነቱን ጠየቅኋቸው፤ ነገሩ ምንድን ነው? የክፍሉ አለቃ፣ ቁመቱ አጭር ድምፁ ግን የጎረምሳ የሆነ ልጅ፣ ተነሥቶ እንደ ስብሰባ ሪፖርት አቀረበ። ተለማማጅ በመጣ ቁጥር ይህችው ጥያቄ ትመጣለች። ልጆቹም ተራ አውጥተዋል። ተረኛ ያለቅሳል፤ ቲቸር ደስ ይላታል፤ የቤት ሥራ የለም፤ ሁሉም በሰላም ይለያያል። «ባለፈው የመጡት እንዲያውም አቅፈውኛል» አለ ጥርሰ ፍንጭቱ፣ በኩራት።

እኔ ደግሞ ብቸኛዋ ሌባ የሆንኩ መስሎኝ! ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ግን አላስችል አለኝና «እሺ፣ እውነቱን ብትነግሩንስ ምን ይላችኋል?» አልኩ።

ሳቁ ቀስ በቀስ ሞተ። ከመስኮቱ በኩል፣ ካርቶኑ ሥር፣ የእስክሪብቶ ክዳን እያኘከች የተቀመጠች ረዥም ልጅ ሳትነሣ ተናገረች።

«እውነቱን አንድ ጊዜ ነግረናችሁ ነበር።»

ሁሉም ዞረው አዩዋት።

«ከዚያ ወዲህ የሚመጣው ሁሉ ገና ሲገባ ዓይኑን ነው የሚያዞረው። የትኛዋ ናት እያለ። እርስዎም ሲገቡ አይቻለሁ፤ እሷን ነው የመረጡት፣ ጥቁር ስላደረገች።»

«እኔ በርዶኝ ነው!» አለች ባለ ሻሿ።

ጥቂቶች ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። እሷ ናት፣ ቀሚስ የምታጥበው። ስንት ጊዜ ያሰብኳት ልጅ ክዳን እያኘከች እያየችኝ ነው። ጥያቄዎቼ ሁሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ተሰለፉ፤ አሁንም ታጥቢያለሽ? የት ታሰጪዋለሽ? ከኋላ ጋሼ አንገታቸውን አስግገዋል፤ እሳቸውም እንደገባቸው ከፊታቸው ያስታውቃል፤ ጠይቂያት፣ ጠይቂያት የሚል ፊት ነው። ብጠይቃት ነጥቡን አግኝቼ አልፍ ነበር። ግን ልጅቱ የምታየኝ ኪሷ ሊገባ የተዘጋጀ እጅ እንደምታይ ሆና ነው። አፌን ያዝኩ። ይህ ለኔ ቀላል እንዳይመስላችሁ።

«ድልድይ የለም ዛሬ» አልኩ። «መጽሐፋችሁን ግለጡ። ስለ ሰውዬው እናንብብ።»

ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ሳበቃ ምን እንደምጠይቅ አላውቅም ነበር፤ ዕቅዴ ቀድሞ ፈርሷል። እንዲያው እኔን ያስገረመኝን ጠየቅሁ፤ «ይህ ሰውዬ ቁልፉን ለምን አይጥለውም?»

«ቂል ስለሆነ ነው» አለ አለቃው። «አዲሶቹ ሰዎች ጓጉንቸሩን ቀይረዋል።»

«ቢቀይሩስ? እሱ መቼ ሊከፍት ሄደ?» አለች ባለ ጎርፏ።

«ታዲያ ምን ሊያደርግ ነው የሚሄደው? ሊገተር?» አለ አለቃው።

«የሄደው ዓይቶ ለመመለስ ነው» አለ ጥርሰ ፍንጭቱ፤ አሁን አላረፈም፣ ቃሉ ተደራርቦ ነው የወጣው። «ሰው ዝም ብሎ ዓይቶ አይመለስም? መብራት በርቶ እንደሆነ፣ ግድግዳውን ቀብተውት እንደሆነ። ከዚያ ይሄዳል። ማንንም አላስቸገረም።»

«የሚያናድደኝ» አለች ረዥሟ ልጅ ከካርቶኑ ሥር፣ «ሰዎቹ በመስኮት እያዩት ነው። አንዳቸውም ወጥተው ‹ምን ፈልገህ ነው?› አላሉትም። የመሰላቸውን አስበው መጋረጃ ዘጉ።»

ከዚያ ወዲያ እኔን የሚሰማኝ ጠፋ። እርስ በርስ ተያያዙ። «እኔ» ያለ አንድም ሰው አልነበረም፤ ሰውዬው፣ ሰውዬው ብቻ ነው የሚሉት። ግን ጥርሰ ፍንጭቱ ስለ ሰውዬው ሲሟገት ጆሮው ቀልቷል። ያቺ ባለ ሻሽ ደግሞ «እናንተ ቤት ቀይራችሁ ታውቃላችሁ?» ልትል ጀምራ ተወችውና «ሰውዬው ያሳዝነኛል» ብላ ቁጭ አለች። ማንም ማንንም ሳይጠይቅ ሁሉም የራሱን እየነገረኝ እንደሆነ ገባኝ፤ የቱ የማን እንደሆነ ብቻ አላውቅም። ሳላውቅ መቅረት እንዲህ ደስ እንደሚል በሕይወቴ አልገመትኩም ነበር። ደወሉ ሲደወል እየተጨቃጨቁ ወጡ።

ረዥሟ ልጅ ግን አልወጣችም። እኔ ጋ ትመጣለች ብዬ ጠበቅሁ፤ አልፋኝ ወደ ጋሼ ሄደች።

«እርስዎ ነዎት እዚያ ማዶ የሚያወሩት?»

«ምኑን ልጄ?»

«የቀሚሱን።»

ምስኪን ጋሼ! ፊታቸው በራ። የጠፋ ዘመድ ያገኙ መሰሉ። «አንቺ ነሽ? እኔ እኮ ይኸው ሁለት ዓመት... አይዞሽ ልጄ፣ የእናትሽን ነፍስ...»

«እናቴ አልሞተችም።»

ጋሼ እጃቸው አየር ላይ ቀረ። እኔም ሰሌዳ ማጥፋቴን ተውኩ።

«አልሞተችም» አለች ደግማ። «መንገድ የሚሠሩ ሰዎች ካምፕ ውስጥ ምግብ አብሳይ ናት፣ ሩቅ ነው። በየጥቂት ወሩ ትመጣለች። ቤታችን ደግሞ ወፍጮ ቤት አጠገብ ነው፤ ዱቄቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ሳይቀር ይገባል። ስትመጣ ልብሷን ነጭ ሆኖ እንዳታገኘው ነው የማጥበው። በቃ ይኸው ነው! ያን ጊዜ ይህን ልናገር ብድግ አልኩ፤ ‹አጥባለሁ፣ የሚለብሰው የለም› ከማለቴ ቲቸሯ ማልቀስ ጀመረች። ልጨርስ ስል አቀፈችኝ። ከዚያ ደወል ተደወለ። ‹እናትሽ የት ናት?› ያለኝ ሰው የለም።»

«ለምን አልነገርሽንም?» አሉ ጋሼ።

«ማንን ልንገር? የሚመጡት ሁሉ እኔ መሆኔን ሲያውቁ ፊታቸውን አጥቁረው ‹አይዞሽ› ብለውኝ ይወጣሉ። ስለ አዳራሹ ወሬ የሰማነውም ከነሱ ነው፤ መጀመሪያ ሳቅንበት። ለእናቴም ነገርኳት፣ ‹ከሞትኩማ ዛሬ እራት አልሠራም› ብላ ተኛች።» ልትስቅ ሞክራ አልሆነላትም። «አሁን ግን እመጣለሁ ካለችበት ቀን ቀርታለች። ስልኳ አይሠራም። አባቴ ዝናብ ነው፣ መንገድ ተዘግቶ ነው ይላል። እኔ ግን ሌሊት ሌሊት የማስበው እናንተን ነው። አዳራሽ ሙሉ ሰው ሰብስባችሁ በየዓመቱ ሞተች ሞተች ትላላችሁ። ሟርት ነው እኮ! ምን አደረገቻችሁ? ለምንድን ነው የምታሟርቱባት?»

እንባዋ መጣ። አላረፈችም፣ ዓይኗን አልጣለችም፤ እያየችን ነው ያለቀሰችው። ልይዛት እጄን ዘረጋሁና መልሼ ሰበሰብኩት። መታቀፉንማ ጠግባዋለች።

ጋሼ ትንሿ ዴስክ ላይ ቁጭ አሉ፤ ጉልበታቸው ከደረታቸው ገጠመ። «ምን ላድርግልሽ?» አሉ።

«ያሉበት ቦታ ይመልሱት። ሞታለች ያሉበት ቆመው አልሞተችም ይበሉ።»

«እሺ» አሉ።

መንገዱን ስንሻገር ከመኪና እኔ ነኝ ክንዳቸውን ይዤ ያተረፍኳቸው፤ አያዩም ነበር። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ይላሉ ለራሳቸው። እኔ ተናድጃለሁ፤ በሳቸውም፣ በዚያች አልቃሻ ተለማማጅም፣ ከሁሉ ይልቅ በራሴ። እኔ የሰው ነገር አልጠግብም ባይዋ፣ ስንት ቀን ሙሉ ስለ ቀሚሱ ሳስብ «ለመሆኑ እናትየው ምን ሆና ሞተች?» ብዬ እንኳ አልጠየቅሁም። ያ ሁሉ ጉጉት ልቅሶው እንዳይቋረጥብኝ ነበር ለካ። ጋሼ የምዘናውን ወረቀት በር ላይ ሰጡኝ። ፈርመዋል። «ከዕቅዷ ወጥታለች፤ መውጣቷ ልክ ነው» ይላል። ሌላ ቀን ቢሆን እልል እል ነበር።

ጋሼ ለአዲስ ገቢዎች ንግግር የሚያደርጉበት ቀን ቀርቦ ነበር። እስከዚያው በየጠዋቱ ወደ ማሠልጠኛው ስገባ ዓይኔ ወደ ማዶው የትምህርት ቤት በር ይሄዳል። ልጅቱ ከሩቅ ታየኝና ራሷን ትነቀንቃለች፤ አልመጣችም ማለቷ ነው። እኔም አልጠጋትም፣ ምን ልላት? ምሳ አልበላልኝ አለ። የማላውቃት ሴትዮ፣ ድስት የምታማስል፣ ስልኳ የማይሠራ፤ ማታ ማታ ስለ እሷ መጸለይ ልጄን ጭምር በስልክ አስተማርኳት።

የንግግሩ ዕለት ጠዋት ልጅቱ ራሷ መንገዱን ተሻግራ መጣች። ሮጣ ነው የመጣችው፤ ፊቷ ግን የተቆጣ ነው።

«መጣች!»

«በስመ አብ! ደህና ናት?»

«ምን ትሆናለች! መንገዱ በናዳ ተዘግቶ ነው። ስልኳ ደግሞ ድስት ውስጥ ገብቶባት ነው፤ ከነመረቁ አወጣሁት ትላለች። ታዲያ ገና ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ ቀሚሱን አውጥታ ‹አሳጠርሽብኝ! አጥበሽ አጥበሽ የሕፃን ልብስ አደረግሽው!› ብላ ሌሊቱን ስትጮህብኝ አደረች። እዩኝ እስቲ፣ ይህ ምስጋና ነው?»

ሳቅሁ፤ እየሳቅሁ አነባሁ፤ አፍንጫዬም አልቀረ። እሷም ንዴቷን ረስታ ሳቀች። ከዚያ ትንሽ አሰብኩና ጠየቅኋት፤ «ይህን ለጋሼ ልንገራቸው?»

ክዳኗን አኘከች። «ይንገሯቸው። ሙሉውን ግን። ስለ ማጠሩም።»

ጋሼ አዳራሽ ወጡ። አዲሶቹም ነባሮቹም ሞልተን ነበር። እንደ ወትሮው ጀመሩ፤ ልጅቱ ብድግ አለች፣ የእናቴን ቀሚስ አጥባለሁ አለች። ነባሮቹ መሐረባችንን አዘጋጀን፣ ልማድ ነው። ጋሼ ግን መነጽራቸውን አላወለቁም። «እናቷ ሞታለች ብዬ ስነግራችሁ ኖሬአለሁ» አሉ። «አልሞተችም። ያኔ የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ልጅቱ ራሷ ንገሩ ያለችውን ነው አሁን የምነግራችሁ።» ከዚያ ስለ ወፍጮ ቤቱ ነገሩን፣ ስለ ዱቄቱ፣ ስለ ድስቱና ስለ ስልኩ፤ ቀሚሱ የሕፃን ልብስ እስኪሆን ስለ ማጠሩም ሳይቀር። እያንዳንዱን ነገር እንደ ዕቃ ቆጣሪ አንድ በአንድ ነው የተናገሩት።

ሰው የሚስቅበትንና የሚያዝንበትን አጥቶ ይተያያል። ከፊት ረድፍ መሐረቡን እንደያዘ የቀረ አንድ ነባር እጁን አወጣ።

«ጋሼ» አለ፣ ቅር ብሎት፣ «እንዲህ ከሆነማ ታሪኩ ምንም አያሳዝንም።»

«እሰየው!» አሉ ጋሼ።